ተመድቦ የማይወሰድ ገንዘብ፦ የናይጄሪያ ግዛቶችና የሕፃናት ትምህርት

ናይጄሪያ ውስጥ ለሕፃናት ትምህርት የተመደበ በቢሊዮን የሚቆጠር ናይራ ግዛቶች ሳይወስዱት ለዓመታት ሲከማች ቆይቷል። በአንጻሩ ዩኒሴፍ ደጋግሞ እንደገለጸው፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 10.5 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። ችግሩ የሚከፋው አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በሰሜኑ ክፍል ነው። ገንዘቡም ልጆቹም እያሉ ምን አራራቃቸው?

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ 9 ዓመት የሚቆይ ነፃና ግዴታ ትምህርት ደነገገ። የፌዴራል መንግሥቱም ከጠቅላላ ገቢው ቢያንስ 2 በመቶውን ለዚሁ እንዲመድብ አስገደደ። ከዚህ ትልቁ ድርሻ ለ36ቱ ግዛቶችና ለአቡጃ የሚከፋፈለው "ማቺንግ ግራንት" በሚባለው አሠራር ነው። ግዛቱ የራሱን መዋጮ አስቀምጦ የሥራ ዕቅዱን ካላስጸደቀ የፌዴራሉ ገንዘብ አይለቀቅለትም። መስጂድና መድረሳ ስንሠራ "ግማሹን አዋጡ፣ ግማሹን እንሞላለን" እንደምንባባለው ማለት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የራሱን ገንዘብ ያወጣ ሥራውን ይከታተላል ተብሎ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ሦስት ቀዳዳዎች ይታዩናል።

አንደኛው የፍላጎት ማነስ ነው። ለትምህርት የገባ መዋጮ በፌዴራል ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር ይውላል፤ ውጤቱም ቶሎ አይታይም። ስለዚህ አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ገንዘቡን ለሌላ ሥራ ማዋል ይቀናቸዋል።

ሁለተኛው ክፍፍሉ ነው። ማቺንግ ግራንቱ ለግዛቶች የሚደርሰው በእኩል መጠን ነው። እጅግ ብዙ ሕዝብ ያላት ካኖና አነስተኛዋ ባየልሳ ተመሳሳይ ድርሻ አላቸው። ለአንድ ልጅ ሲሰላ ካኖ የምታገኘው በጣም ያንሳል። ገቢው ደካማ የሆነ ግዛትም እንደ ሀብታሙ እኩል ማዋጣት ይጠበቅበታል። እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማግኘት ይበልጥ ይቸገራል።

ሦስተኛው ማጭበርበር ነው። አንዳንድ ግዛቶች ከባንክ ተበድረው መዋጮ ያስመስላሉ፤ የፌዴራሉ ገንዘብ ሲለቀቅ ብድሩን መልሰው ይከፍላሉ። ኮሚሽኑ ራሱ በዚህ ሲያማርር ተሰምቷል። በወረቀት ላይ አሥር ክፍል ይሠራል ቢባል፣ መሬት ላይ ያለው ገንዘብ የአምስቱ ብቻ ነው።

ቁርኣን ለመማር ከቤታቸው ርቀው የሚኖሩት የአልማጂሪ ልጆች ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ከ2012 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ ሁለቱን ትምህርት የሚያጣምሩ ትምህርት ቤቶችን አስገንብቶላቸው ነበር። ማስኬጃው ግን የግዛቶቹ ኃላፊነት በመሆኑ ብዙዎቹ ተረካቢ አጥተው ቀሩ።

በእኛ እምነት መዋጮው ሙሉ በሙሉ መቅረት የለበትም፤ እንደየግዛቱ አቅምና የልጆች ብዛት መመጠን ግን አለበት። መዋጮው ከየት እንደመጣና የት እንደዋለም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ዑለማዎችና ወላጆች ከመራጭነታቸው በፊት የአማና ባለቤቶች ናቸውና "የልጆቻችን ድርሻ የታለ?" ብለው ይጠይቁ። የተመደበ ገንዘብ አማና ነው። አማናን ደግሞ መብላት ብቻ ሳይሆን፣ ባለመብቱ እየተራበ ቆልፎ ማስቀመጥም ያስጠይቃል።