ከሀብታሙ ይልቅ የሰጡት ድሆች

ስለ ልግስና ሲነገር ሁልጊዜ የምንሰማው የሰጪውን ስም ነው፤ ተቀባዩ ያዋጣው ግን አይቆጠርም። በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት የሆነውን ያነሣሁት ለዚሁ ነው።

ጁልየስ ሮዝንዋልድ እ.ኤ.አ. በ1862 በኢሊኖይ ግዛት ከጀርመን አገር ከመጡ አይሁድ ስደተኞች ተወለደ። አባቱ ሸቀጥ ተሸክሞ እየዞረ በመሸጥ ኑሮውን የጀመረ ሰው ነበር። ልጁ ግን ሲርስ ሮባክ የተባለው፣ ዕቃ በፖስታ የሚሸጥ ታላቅ ድርጅት መሪ ሆነ። በ1912 ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ለቱስኪጊ ትምህርት ቤት 25 ሺህ ዶላር ሰጠ። በባርነት የተወለደው የትምህርት ቤቱ መሪ ቡከር ቲ. ዋሺንግተን፣ ከዚህ ገንዘብ በተረፈው በአላባማ ገጠር ለጥቁሮች ልጆች ስድስት ትናንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ጠየቀው፤ እርሱም ፈቀደ። እስከ 1932 ድረስ በ15 የደቡብ ግዛቶች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ።

እስከዚህ የሀብታሙ ታሪክ ነው። ሮዝንዋልድ ግን ሙሉውን ወጪ አይሰጥም ነበር። የአካባቢው ሕዝብ እንዲያዋጣ፣ የነጮቹ ባለሥልጣኖችም ከመንግሥት ገንዘብ እንዲጨምሩና ትምህርት ቤቱን ተረክበው እንዲያስተዳድሩ ያስገድዳል። ስለዚህ በሰው መሬት ጥጥ የሚያመርቱ ድሆች ሳንቲም ለቃቀሙ። መሬት የሰጠ፣ እንጨት ቆርጦ ያመጣ፣ በጉልበቱ የሠራ ብዙ ነው፤ ሴቶቹ ምግብ ሠርተው ሸጡ። ሒሳቡ ሲደመር ሮዝንዋልድ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቷል፤ ጥቁሮቹ ያዋጡት ግን ወደ 4 ሚሊዮን 700 ሺህ ዶላር ነበር። ከእርሱ በለጡ! ያውም ግብር ከከፈሉ በኋላ ነው፤ ግብራቸው በአብዛኛው ለነጮች ልጆች ይውል ነበርና።

ታዲያ ለምን ሙሉውን አልሰጠም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድሃን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ግፍ ነው። ነገር ግን ሙሉውን ቢሰጥ ኖሮ ባለሥልጣኖቹ «የእናንተ ጉዳይ የሮዝንዋልድ ነው» ብለው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር።

የአንድሩ ካርኔጊ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአሜሪካ ከ1,600 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል። ይሁን እንጂ በ1892 በሆምስቴድ ያሉት የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች ደመወዛችን አይቀነስም ባሉ ጊዜ የታጠቁ ሰዎች ተላኩባቸው፤ ሰው ሞተ፣ ማኅበራቸውም ተሰበረ። በ1898 እዚያው አካባቢ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው። በቀን 12 ሰዓት እሳት ፊት የሚውል ሰው መቼ ሊያነብ ነው?

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለውን 35 ሚሊዮን ዶላር ያሰባሰቡት የአሜሪካ አይሁድ ናቸው። ውለታቸውን አንረሳም። ዛሬም በስማችን ለሚሰበሰበው ገንዘብ ግን ስንት ገባ፣ ምን ላይ ዋለ፣ ከእኛ መካከል በኮሚቴው ማን ተቀመጠ ብሎ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት አይደለም። በተለይ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ በበጎ አድራጊ ገንዘብ ተጨማሪ ትምህርት ሲሰጥ፣ ያ ሰዓት መንግሥት ከሚሰጠው ላይ የተጨመረ ነው ወይስ በእርሱ ፋንታ የገባ? ይህንን በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።