ራስን መግዛት

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ በጥቅምት ወር የተጓዘ ሰው፣ በየማሳው ታስሮ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ ሳያይ አያልፍም። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ፋታ የማይሰጥ አዝመራ ነው። ፍሬውን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ በችኮላ የነካው ሰው ዘሩን በመሬት ላይ ያፈሰዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለዚህ ቆላ የተነገረ ይመስላል። ይሁን እንጂ በማሳው ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ገበሬ፣ ገበያ በወጣ ጊዜ ጥንቃቄውን ሲዘነጋ ይታያል። የዋጋ መውደቅ ነጋዴን ይጎዳዋል፤ የሚያጠፋው ግን የገዛ ስሜቱ ነው።

የሰሊጥ ዋጋ የሚወሰነው በመተማ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያን ሰሊጥ በብዛት ከሚገዙት ሀገሮች አንዷ ቻይና ናት፤ በሌላ ወገን ሱዳንና ሕንድም ሰሊጥ በብዛት ያመርታሉ። የእነዚህ ሀገሮች ፍላጎትና አዝመራ ሲለዋወጥ የመተማም ዋጋ አብሮ ይለዋወጣል። በ2006 ዓ.ም. የሰሊጥ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ግን አሽቆለቆለ። «ያለፈው ዓመት ዋጋ ይመለሳል» ብሎ ምርቱን በመጋዘን የቆለፈ ሰው፣ በቆየ ቁጥር የሚያገኘው እያነሰ ሄደ።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ 20 ኩንታል ሰሊጥ አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ የ12ቱ ኩንታል ዋጋ ለአረምና ለአጨዳ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ለዕዳ፣ ለቀለብና ለልጆቹ ትምህርት የሚውል ነው። ጎረቤቱ «ቆይ፣ ገና ይጨምራል» ይለዋል፤ እርሱም አንድ ኩንታል እንኳ ሳይሸጥ ይቆያል። ዋጋው መውረድ ሲጀምር ስሕተቱን ማመን ያሳፍረዋልና የባሰውን ይጠብቃል። በመጨረሻም «በአንድ ጊዜ አካክሰዋለሁ» ብሎ በወለድ ተበድሮ ተጨማሪ ሰሊጥ ይገዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ከቤት የሚውለው ልጅ ግን፣ ያ ውሳኔ ሲወሰን አልተጠየቀም።

«ያለ ድፍረት ንግድ የለም» የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። አባባሉም እውነትነት አለው። በጥንት ዘመን በመተማ በኩል ከጎንደር ወደ ስናር የተመላለሱት ሲራራ ነጋዴዎች ደፋሮች ነበሩ። በአጨዳ ወራትም ብዙው ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል በአንድነት ስለሚሸጥ ዋጋ ዝቅ ይላልና፣ ከምርቱ ከፊሉን አቆይቶ መሸጥ ብልህነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደፋር ሰው ምን ያህል ሊያጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰላል፤ ግብታዊ ሰው ግን ካጣ በኋላ ይቆጥራል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ለቀለብ፣ ለዘር፣ ለደመወዝና ለትምህርት የሚሆነውን ለይቶ በጊዜው መሸጥ፤ ሁለተኛ፣ የቀረውን በስንት ዋጋና እስከ መቼ እንደሚሸጡት ገበያ ከመውጣት በፊት በደብተር ላይ መጻፍ፤ ሦስተኛ፣ ኪሳራን በብድር ለማካካስ አለመሞከር ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ገበሬው የገበያውን ዋጋ እንዲያውቅ ለማስቻል ነው። ዋጋን ማወቅ በእርግጥ ይጠቅማል፤ በጻፉት ቃል መጽናትን ግን ማንም ተቋም ለሰው ሊሰጠው አይችልም።

ወጣቶች ሆይ! ነገ ከእናንተ መካከል ገበሬና ነጋዴ የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። ልምምዱን ግን ከዛሬ ጀምሩ። ለደብተር መግዣ የተሰጣችሁን ብር ለውርርድ አለማስያዝ የዚሁ ትምህርት መጀመሪያ ነው። በቋንቋችን «መግዛት» የሚለው ቃል በገንዘብ መውሰድንም ማስተዳደርንም ያመለክታል። እንግዲህ ገበያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይግዛ፤ ሰሊጡን ከዚያ በኋላ ይግዛ።