መቀነስም ዕድገት ነው

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በሚወራበት ቦታ አንድ ቁጥር አይጠፋም፤ የጨቅላ አንጎል በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶችን ይፈጥራል የሚለው። ዩኒሴፍን ጨምሮ በመስኩ የሚሠሩ ድርጅቶች ይጠቅሱታል፤ መጫወቻ ሻጮችና ቪዲዮ አዘጋጆችም ተቀብለው ያራግቡታል። ቁጥሩ ወላጅን ያነቃል፣ ነገር ግን የሚናገረው የታሪኩን ግማሽ ነው። ከተፈጠሩት ግንኙነቶች ብዙዎቹ ኋላ መወገድ አለባቸው። ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ደግሞ ከማጅራት በላይ የተሸጎጠው ሴሬቤለም፣ ማለትም ትንሹ አንጎል ነው።

«ትንሹ» መባሉ ለመጠኑ ነው እንጂ ለይዘቱ አይመጥነውም። ከአንጎል ክብደት አሥር በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ብራዚላዊቷ ሱዛና ሄርኩላኖ ሁዜልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ቆጠራ መሠረት ከሰው 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እዚያ ነው። እርምጃን የሚያስተካክለው፣ እጅ ወደ ሲኒው ሲዘረጋ አልፎ እንዳይሄድ የሚያርመው እሱ ነው።

የትንሹ አንጎል ቅርፊት ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በ1837 የቼኩ ሊቅ ያን ፑርኪንየ በገለጻቸውና በስሙ በሚጠሩት ትልልቅ ሴሎች በኩል ነው። በ1888 ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የወፎችን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በእነዚህ ሴሎች ቅርንጫፎች ላይ እየተጠመጠሙ የሚወጡ ቀጫጭን የነርቭ ክሮችን አየ። ግንድ ላይ ከሚወጣ ሐረግ ጋር አመሳሰላቸው። ክሮቹ የሚነሡት ከአንጎል ግንድ፣ ኦሊቭ ከሚባለው ክፍል ነው። ባደገ እንስሳ ውስጥ አንድ የፑርኪንየ ሴል በአብዛኛው አንድ ሐረግ ብቻ አለው፤ ያ አንዱ ግን እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ በነቃ ቁጥር ሴሉ ሳይመልስ አይቀርም።

ሲወለዱ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1976 ፍራንሲስ ክሬፔል፣ ዣን ማሪያኒና ኒኮል ደላይ ቡሾ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የአይጠ መጎጥ ግልገሎችን ሲመረምሩ በአንድ ሴል ላይ በርካታ ሐረጎች አገኙ። ከዚያ ወዲህ በተለይ የጃፓኑ ማሳኖቡ ካኖና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ሂደቱን ከቀን ወደ ቀን ተከታትለውታል። መጀመሪያ ላይ በሴሉ አካል ዙሪያ የሰፈሩት ሐረጎች በጉልበት ተቀራራቢ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ አንዱ እየበረታ ይመጣል። በዘጠነኛው ቀን ገደማ ወደ ቅርንጫፎቹ መውጣት የሚጀምረው ይኸው አሸናፊ ብቻ ነው። ተሸናፊዎቹ ከታች ቀርተው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይጠፋሉ።

ቆሞ የሚመርጥ አካል ግን የለም። ከሐረጎቹ ሌላ፣ ግራኑል ከሚባሉት ጥቃቅን ሴሎች የሚመጡ እልፍ አእላፍ ክሮችም በፑርኪንየ ሴል ላይ ያርፋሉ፤ የእነርሱ መልእክት በሴሉ ውስጥ ተከታታይ የኬሚካል ምላሽ ካላስነሣ የመጨረሻው ማጥራት አይጠናቀቅም። ግራኑል ሴሎች በጎደሉባቸው የአይጥ ዝርያዎች ትርፍ ሐረጎቹ እስከ ጉልምስና ይቆያሉ። በ1995 ካኖና ባልደረቦቹ ፒኬሲ ጋማ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፤ እነዚያ አይጦች እንቅስቃሴያቸው የተዛባ ነበር። በ2014 ደግሞ የፑርኪንየ ሴል ራሱ ሁለት ተቃራኒ መልእክቶችን እንደሚልክ ታወቀ፤ ሴማፎሪን 3ኤ ሐረጉን ያጸናል፣ ሴማፎሪን 7ኤ ያስወግዳል። የተጋበዘውን ሁሉ የሚቀበል እንግዳ ተቀባይ አይደለም።

ይህ የአይጥ ወሬ ነው ብሎ ለማለፍ የሚቸኩል ሰው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንቶችን ያስብ። ሲኒ ሲያነሡ ወይም ሲፈርሙ የሚብሰውና ኢሴንሻል ትሬመር የሚባለው ሕመም በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት የእንቅስቃሴ ችግሮች አንዱ ነው፤ ታማሚዎቹ ግን ብዙ ጊዜ በመጠጥ ወይም በፍርሃት ይታማሉ። በ2020 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና በታይዋን ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ሕመም ተጠቂዎች ከሞት በኋላ የተወሰደ አንጎል መርምረው፣ ሐረጎቹ ከወሰናቸው አልፈው የሌሎቹን ክሮች ይዞታ እንደወረሩ አሳተሙ። ሐረጎቹን በወሰናቸው የሚይዘው ፕሮቲንም በሕመምተኞቹ አንጎል ቀንሶ ተገኝቷል። ያው ፕሮቲን የጎደላቸው አይጦች ተንቀጠቀጡ። ትርፉ ግንኙነት ጸጋ ሳይሆን ሁከት ነው የሆነው።

እርግጥ መቀነስንም መፈክር ማድረግ አይገባም። በ2023 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ሃንሰል ከባልደረባው ጋር እንዳሳየው፣ ከአንድ በላይ ዋና ቅርንጫፍ ያላቸው አንዳንድ የአይጥ ፑርኪንየ ሴሎች ካደጉም በኋላ ከአንድ በላይ ሐረግ ይይዛሉ፤ በሰው ዘንድ ደግሞ አብዛኞቹ የፑርኪንየ ሴሎች እንዲህ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ናቸው። ጉዳዩ እንግዲህ ማብዛትም ማሳነስም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚስማማውን በጊዜው መለየት ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የወላጆች ጭንቀት የተሳሳተ ቦታ ላይ ወድቋል። በስድስት ወር ሕፃን ፊት የፊደል ቪዲዮ በመክፈት ግንኙነት እናብዛ የሚባለው ነገር ሂደቱን ያላገናዘበ ነው። የሰው ልጅ ትንሹ አንጎል በፍጥነት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራትና ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው ማጥራቱ የሚካሄድበት መሠረት ነው። ከመሠረቱ አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን የጎደላቸው የአይጠ መጎጥ ግልገሎች የፑርኪንየ ሴሎቻቸው ቅርንጫፍ ይቀጭጫል፤ ሐረጎቹን በማጥራት የሚያግዙት ግራኑል ሴሎችም ቦታቸውን የሚይዙት ዘግይተው ነው። ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም።

የአዮዲን እጥረት የሚያስከትለው እንቅርት ለዘመናት በቆየባት ኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የጨውን በአዮዲን መበልጸግ አስገዳጅ ያደረገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ደንብ መውጣቱ ግን እያንዳንዱ ከረጢት በቂ አዮዲን አለው ማለት አይደለም። ስለ ሕፃናት አንጎል የሚለፍፍ ዘመቻ ከሚሊዮኑ ቁጥር በፊት ፋብሪካውና ገበያው ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር ቢጠይቅ ይሻላል። ለነፍሰ ጡሯም የሚነገረው ይኸው ተራ ነገር ቢሆን፦ አዮዲን ያለበትን ጨው መግዛት፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጡ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር።