መኪናው ረክሷል፤ መለዋወጫውስ?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ መኪና መሸጫዎች ስማቸው ገና አፋችን ላይ ባልገባ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልተዋል። ለአሮጌ ቪትዝ የሚጠራውን ዋጋ የሰማ የመካነ ሰላም ነጋዴ ወይም መምህር ዓይኑን እነዚህ ላይ ቢጥል አይፈረድበትም። መኪናው አዲስ ነው፣ ቀረጡም ተቀንሶለታል። ነገር ግን ከደሴ ተነስቶ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም ድረስ ለሚነዳ ሰው ዋናው ሒሳብ የሚጀምረው ሊብሬው በስሙ ከዞረ በኋላ ነው። መኪናውን ያመጣለት ሰው ከሦስት ዓመት በኋላም ኩሽኔታና የፊት መብራት ያቀርብለታል ወይ? ለዚህ መልስ ሳያገኝ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው የቆጠበውን በኋላ ከነወለዱ ይከፍላል።

ይህ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ሆላንድ ካር የቻይና መኪኖችን እዚሁ ገጣጥሞ አባይን በመሰሉ የወንዞቻችን ስሞች ሲሸጥ ብዙዎች የአገር ኩራት አድርገውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። አባይ የተባለውን መኪና አካላት ያቀርብ የነበረው ሊፋን በኋላ ራሱ እዚህ መገጣጠሚያ ከፈተ፤ እናት ኩባንያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕዳውን መክፈል አቅቶት አገሩ ቻይና ፍርድ ቤት ገባ። ኔታ የሚባለውን የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራው ሆዞንም እ.ኤ.አ. በ2025 በዚያው መንገድ ሄዷል። አንዳንዱ አምራች፣ የሸጠው መኪና ጎማ ሳይቀይር ራሱ ከገበያ ይወጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ በአምራቹ ወኪል በኩል ሳይሆን በግል አስመጪ የገባ መኪና ዋስትናው ብዙ ጊዜ ባሕር አይሻገርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ፓራውልት በብር ሲተመን የሚያስደነግጥ ሆኗል።

ደጋው የራሱ ሒሳብ አለው። በደንብ ከሚታወቁት አንዱን፣ ቢዋይዲ ሲጉልን እንውሰድ። 38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ሲጉል በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ወደፊት የሚሄድበት ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። ከአባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣው ዳገት ከዚህ ይበልጣል። ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል፣ በመንገዱ ላይ ያለው የለጋምቦ ብርድ ግን መልሶ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ካለው ተራ ሶኬት የሚገኘው በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ 10 ሰዓት ሙሉ ሲሞላ ያደረ ባትሪ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ስሙ ያልታወቀ መኪና የጻፈውን ኪሎ ሜትር እንዳለ የሚያምን ሰው ይህን ያስብበት።

የሚቃወሙኝ ሁለት ጠንካራ ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ ቤንዚን በጀሪካን በጥቁር ገበያ ዋጋ በሚገዛበት አገር ከኤሌክትሪክ ሌላ ምን ምርጫ አለ? የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ክርክሬ ከኤሌክትሪክ ጋር ያልሆነው። ሁለተኛው፣ እነዚህ መኪኖች የሞተር ዘይትና ፍሪሲዮን ስለሌላቸው ብልሽታቸው ጥቂት ነው የሚል ነው። ሞተሩን በተመለከተ እስማማለሁ። ፒስታ መንገድ የሚያደክመው ግን የመኪናውን እግር ነው። ሾክ አብዞርበሩ፣ ጎሚኒው፣ ኩሽኔታው እንደማንኛውም መኪና ያልቃል፤ የቪትዝ ሲሆን ደሴ ይገኛል፣ የማይታወቀው ሲሆን ከጓንግዡ ይታዘዛል። መንገድ ድንገት በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ይህ ልዩነት የወራት መቆም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ገዢው ቀብድ ሳይሰጥ ሻጩን የፊት መስታወት፣ የፊት መብራትና ሾክ አብዞርበር ዋጋቸውንና የሚደርሱበትን ቀን በጽሑፍ ይጠይቀው። «ችግር የለም፣ ይመጣል» ብሎ የሚያልፍ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ከዚህም በላይ ገዢዎች እርስ በርሳቸው ቢነጋገሩ ይጠቅማቸዋል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ መምህራንና የከተማው ነጋዴዎች አሥር ሆነው አሥር ዓይነት መኪና ቢገዙ አንድም መካኒክ ለአንዱም አይዘጋጅም፤ በአንድ ሞዴል ቢስማሙ ግን ጋራዡ የመመርመሪያ መሣሪያውን ለመግዛት፣ የደሴው ነጋዴም ዕቃውን ለማስቀመጥ ምክንያት ያገኛሉ።