ቆሻሻን በአግባቡ ማስተዳደር፦ ከናንጂዶ እስከ ቆሼ
(ዜና ሐተታ)

የአንድ ከተማ አስተዳደር ብቃት ከሚመዘንባቸው መስፈርቶች አንዱ ነዋሪዎቹ በየዕለቱ የሚጥሉትን ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስብበትና የሚያስወግድበት አሠራር ነው። የዓለም ባንክ እ.አ.አ በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚያመለክተው በዓለም ዙሪያ በዓመት 2 ነጥብ 01 ቢሊዮን ቶን የማዘጋጃ ቤት ደረቅ ቆሻሻ ይመነጫል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 33 በመቶ የሚሆነው የሚወገደው አካባቢን በሚጎዳ መንገድ ነው። አሁን ያለው አካሄድ ከቀጠለም መጠኑ እ.አ.አ በ2050 ወደ 3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ቶን እንደሚያሻቅብ ጥናቱ ይተነብያል።

በጥናቱ ከተመለከቱት ቁም ነገሮች መካከል በተለይ የበጀት ጉዳይ ትኩረት የሚሻ ነው። በዝቅተኛ የገቢ ደረጃ ላይ በሚገኙ ሀገሮች ማዘጋጃ ቤቶች ለቆሻሻ አያያዝ የሚያውሉት ገንዘብ በአማካይ ከበጀታቸው 20 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በበለጸጉት ሀገሮች ግን ድርሻው 4 በመቶ ገደማ ነው። ያም ሆኖ የድሆቹ ሀገሮች ከተሞች የሚሰበስቡት ከሚመነጨው ቆሻሻ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። በጀቱ ውስን ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ለማንሳትና ለማጓጓዝ ስለሚውል፣ ቆሻሻውን ለመቀነስም ሆነ በአግባቡ ለማስወገድ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከዚህ አኳያ የደቡብ ኮሪያ ተሞክሮ ተጠቃሽ ነው። የሴኡል ከተማ ቆሻሻ ከእ.አ.አ 1978 እስከ 1993 ናንጂዶ በተባለ ስፍራ ሲጣል ቆይቶ ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሁለት ጉብታዎችን ፈጥሮ ነበር። መንግሥት ለችግሩ መፍትሔ ለመስጠት ከወሰዳቸው እርምጃዎች ዋነኛው እ.አ.አ ከጥር 1995 ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ ተግባራዊ ያደረገው የአከፋፈል ሥርዓት ነው። በዚህ መሠረት ነዋሪው ቆሻሻውን የሚያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ባዘጋጀው፣ ዋጋ በተተመነለት ከረጢት ብቻ ሆነ። ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል። ወረቀት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለይቶ ያወጣ ግን ለእነዚህ አይከፍልም።

ሥርዓቱ ሲጀመር ቆሻሻን በስውር መጣል አጋጥሞ ነበር። አስተዳደሮቹ በቅጣትና ለጠቋሚዎች በሚሰጥ ሽልማት ችግሩን ለመቆጣጠር ሞክረዋል። ከዚያም እ.አ.አ በ2005 የምግብ ትራፊ በቀጥታ እንዳይቀበር ታገደ፤ በ2013 ደግሞ በመጠኑ ልክ ማስከፈል ተጀመረ። በአሁኑ ወቅት ከሀገሪቱ የምግብ ትራፊ አብዛኛው ለእንስሳት መኖ፣ ለማዳበሪያና ለኃይል ምንጭነት ይውላል። ናንጂዶም እ.አ.አ በ2002 መናፈሻ ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

ጀርመን በበኩሏ እ.አ.አ በ1991 ባወጣችው ደንብ የማሸጊያ አምራቾችና ነጋዴዎች ማሸጊያውን መልሰው የመሰብሰብ ኃላፊነት እንዲወስዱ አድርጋለች። ከእ.አ.አ 2005 አጋማሽ ወዲህም ያልታከመ የቤት ቆሻሻ መቅበር አይፈቀድም።

በሀገራችን ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጭምር ያስከፈለ ነው። በአዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው ስፍራ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1 ሺህ 400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበ ነው።

ይሁንና ማቃጠል ብቻውን የተሟላ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። በዝቅተኛ የገቢ ደረጃ ላይ በሚገኙ ሀገሮች ከሚመነጨው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት ነው። እርጥበት የበዛበት ቆሻሻ ደግሞ ሲቃጠል የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ይኸው ቆሻሻ በምንጩ ከተለየ ለኮምፖስት ይውላል፤ የሚጓጓዘውም መጠን ይቀንሳል።

የሕግ ማዕቀፍን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ በየቤቱ እንዲለይ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል ፌስታልን ከልክሏል። ለአፈጻጸሙ ግን የአሠራር ቅንጅት ወሳኝ ነው። የቤት እመቤቷ በሁለት ማዳበሪያ ለይታ ያወጣችው ቆሻሻ በአንድ መኪና ተደባልቆ ከተጫነ ነገ መለየቷን ትተዋለች።

ስለሆነም የከተማ አስተዳደሮች የአፈጻጸም ሪፖርት በቀን ስንት ቶን እንደተነሳ በመግለጽ መወሰን የለበትም። ምን ያህሉ በምንጩ እንደተለየ፣ ምን ያህሉ ኮምፖስት እንደሆነና ወደ ማስወገጃው የሄደው መጠን ካለፈው ዓመት ቀንሶ እንደሆነ ማመልከት ይኖርበታል። በየመንደሩ «ቆራሌው» እያሉ የሚዞሩ ወጣቶችና ከቤት ቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራትም በዕቅዱ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ሊያገኙ ይገባል። የቆሼው አደጋ ያስተማረን የሚሰበሰበው ቆሻሻ መድረሻው አስቀድሞ ካልታሰበበት ዋጋው ከበጀት በላይ መሆኑን ነው።