ሪጎሬ የበላው የውድድር ዘመን

ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ አሶሳ የሚገባው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት ስለኖረ፣ የአሶሳ ኳስ አፍቃሪ «ቅዳሜ ጨዋታ አይቼ እሁድ እመለሳለሁ» ብሎ የሚነሳበት መንገድ አይደለም። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. የሀገራችን ፕሪሚየር ሊግ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምር፣ ሩቅ ላለ ከተማ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአዲስ አበባ ልጅ ያየውን ጎል አሶሳ ያለው ወንድሙም ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ በዚያችው ደቂቃ ማየት ቻለ።

ያየው ሁሉ ግን የሚያስደስት አልነበረም። ኳስ ይዞ በደንብ የሚጫወት ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጠው ሌላ ሰው ይሆናል። ሦስት ተጫዋች ኳሷን ይቀማማል። አንዱ «ያስገኘሁት እኔ ነኝ» ይላል። አምበሉ «እኔ እያለሁ?» ይላል። አሠልጣኙ ከመስመሩ ዳር እጁን ያወናጭፋል፣ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ አንጋፋው ወይም ጉልበተኛው ኳሷን አስቀምጦ በረኛው እቅፍ ውስጥ ይከታታል፤ አለዚያም ወደ ሰማይ ይሰዳታል። ቴሌቪዥን ቤቱ ውስጥ ያለው ተመልካች ገና ጭቅጭቁ ሲጀመር «ኧረ ማነው የሚመታው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የክለቡ አመራር ይህንን ጥያቄ ቢያንስ ከውድድሩ መጀመሪያ በፊት ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ስንት ነጥብ በዳነ!

የሀገራችን ሰው የሪጎሬን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ 1 ለ 1 ጨርሰው ዋንጫው በመለያ ምት ሲወሰን፣ ድሉ የኢትዮጵያ ሆነ። ጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤ ለዳኛቸው ደምሴ ያሰማው «ዳኙ ገላግሌ» የሚለው ድምፅ፣ ያኔ ያልተወለደ ልጅ እንኳ ዛሬ በቃሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ትውልድ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ያለው ጣፋጭ ትዝታ ከቆመ ኳስ የተገኘ ነው ማለት ይቻላል። መራራውም ከዚያው መሆኑ ነው የሚገርመው።

ጥር 2005 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳለች። ኔልስፕሩት ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ነው። 0 ለ 0 ሳሉ ሪጎሬ ተገኘ። ሳላዲን ሰዒድ መታ፣ ኬኔዲ ምዊኔ መለሰ። ከዚያ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባ፣ ከእረፍት መልስ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። 1 ለ 1። ሕዝቡ በየመንደሩ ጨፈረ፤ መጨፈሩም አግባብ ነበር። በ10 ልጅ ሻምፒዮን መያዝ ቀልድ አይደለም። ስለ ሪጎሬው ያወራ ግን ጥቂት ነው።

ሒሳቡ የመጣው በስምንተኛው ቀን ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ ምድቡ እንዲህ ሆነ። ቡርኪና 4፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ 2 2፣ ኢትዮጵያ 1። የሰውነት ቢሻው ልጆች ለማለፍ ናይጄሪያን ማሸነፍ ግዴታቸው ሆነ። ሩስተንበርግ ላይ እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ቆዩ። በሌላኛው ሜዳ ዛምቢያና ቡርኪናም ያለ ጎል ነበሩ፣ ያለ ጎልም ጨረሱ። እስቲ ያቺን የመጀመሪያዋን ሪጎሬ ገብታ ነበር ብለን ሌላውን ሁሉ ባለበት እንተወው። ኢትዮጵያ 3 ነጥብ ይዛ ትገባለች፣ ከናይጄሪያ ጋር አቻ ይበቃታል። በ79ኛው ደቂቃ ላይ ሩብ ፍጻሜ ውስጥ ናት! ማሸነፍ ያለበት ናይጄሪያ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ወደኋላ ተሰብስባ ትጠብቃለች። በእውነቱ የሆነው ግን ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛውና በ90ኛው ደቂቃ ሁለት ሪጎሬ አገባ፤ በሁለተኛው ሲሳይ ባንጫ ተባረረ፣ ቅያሪ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆኖ ቆመ። ናይጄሪያ ከዚያ ተነስታ ዋንጫውን በላች።

እርግጥ ኳስ በ«ቢሆን ኖሮ» አትጫወትም። ገብታ ቢሆን ዛምቢያ ሌላ ጨዋታ ትጫወት ነበር፣ ናይጄሪያም እንዲሁ። ሳላዲንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ያንን ቡድን እዚያ ካደረሱት አንዱ እሱ ነው። ሜሲም ይስታል፣ ሮናልዶም ይስታል። በትልልቆቹ ሊጎች እንኳ ከአራት ሪጎሬ አንዱ ገደማ አይገባም። ቁም ነገሩ፣ አንድ ምት ከሦስት ጨዋታ በኋላ ተመልሶ ሊጠይቅህ እንደሚችል ነው። የሳትከው ዛሬ ነው፣ ዕዳው የሚከፈለው ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሜዳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይጨመር። ያ ምዊኔ የሳላዲንን ኳስ የመለሰ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጨዋታ ዛምቢያ በናይጄሪያ ስትመራ ሪጎሬ ተሰጣት፤ በረኛው ከራሱ ጎል ድረስ መጥቶ መታና አገባ፣ 1 ለ 1 ሆነ። እዚያ ቡድን ውስጥ «ማነው የሚመታው?» የሚል ጭቅጭቅ አልነበረም። በረኛውም ቢሆን፣ ስሙ ቀድሞ የታወቀ ሰው ነበራቸው።

ዓመቱ ሳይሞላ ያው ታሪክ ተደገመ። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ ኢማኑኤል ኢሚኒኬ አቻ አደረገ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ራሱ ኢሚኒኬ በሪጎሬ 2 ለ 1 አደረገው። በኅዳር ካላባር ላይ ሞሰስ በሪጎሬ፣ ቪክቶር ኦቢና በቅጣት ምት፣ 2 ለ 0። በሁለቱ ጨዋታዎች ናይጄሪያ ካገባቻቸው 4 ጎሎች 3ቱ ከቆመ ኳስ ናቸው። ኳስ በእንቅስቃሴ ላይ ሳለች ያለውን ብቻ ብንቆጥር 1 ለ 1 ነበር! ዋልያዎቹ በናይጄሪያ በጨዋታ ተበልጠው ነው የቀሩት የሚል ካለ ይህንን ይቁጠር።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የስፔኑ ዲፖርቲቮ ላኮሩኛ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጨረሻው ቀን ላይ ቫሌንሺያን ካሸነፈ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳ ነበር። 0 ለ 0 ሳሉ በመጨረሻው ደቂቃ ሪጎሬ አገኘ። የተለመደው መቺ ዶናቶ ተቀይሮ ወጥቷል። ኮከቡ ቤቤቶ ከዚያ በፊት ስቶ ስለነበር አልፈለገም። ተከላካዩ ሚሮስላቭ ጁኪች ኳሷን ያዘ፤ በረኛው ጎንዛሌዝ ያዘበት። በዚያው ቀን ባርሴሎና ሲቪያን 5 ለ 2 ስላሸነፈ በነጥብ እኩል ሆነው ዋንጫው ወደ ካታሎኒያ ሄደ። 38 ጨዋታ የለፋ ቡድን በ11 ሜትር ላይ ቀረ። ላኮሩኛ ያንን ዋንጫ ለማየት እስከ 2000 መጠበቅ ነበረበት። እዚህም ጥፋቱን እግሩ ላይ ብቻ መለጠፍ አይቻልም። ሁለተኛውና ሦስተኛው መቺ ማን እንደሆነ ቀድሞ ያልተወሰነበት ቡድን፣ የመጀመሪያው ሲወጣ ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለአሶሳ ምኗ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እንዲያውም ከማንም በላይ ለአሶሳ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በጋዜጣ ስሙ የሚነሳው ጉባ ላይ ለተሠራው ግድብ፣ ቢበዛ ለማንጎው ነው፤ በስፖርት ገጽ ላይ ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በሀገራችን አብዛኛው ክለብ የሚተዳደረው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋም በሚወጣ በጀት ነው። ራቅ ያለ የክልል ክለብ ከዚያች በጀት ላይ ትልቁን የሚከፍለው ለመንገድ፣ ለአልጋና ለምግብ ነው። አጥቂ ልግዛ ቢል ከአዲስ አበባና ከአዳማ ክለቦች ጋር በፊርማ ገንዘብ መወዳደር አይችልም። የማይገዛው ነገር ግን የቆመ ኳስ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ኳስ፣ በረኛ፣ ኖራና ሰዓት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጽፍ አሠልጣኝ፤ በየልምምዱ ማን ስንት መታ፣ ስንት አገባ፣ ወደየት መታ የሚል ደብተር። የእንግሊዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ዓለም ዋንጫ ካገባቸው 12 ጎሎች 9ኙ ከቆመ ኳስ ነበሩ፤ በዚያው ውድድር ኮሎምቢያን በመለያ ምት አሸንፎ ያንን የዘመናት እርግማኑን ጣለ። ያ ቡድን ገንዘብ ስላለው ሳይሆን ስለተለማመደ ነው እንጂ፣ ገንዘቡማ ከዚያ በፊት ሲሸነፍም ነበረው።

በብዙ ልምምድ ሜዳ ሪጎሬ የሚመታው መቼ ነው? ልምምዱ ሲያልቅ፣ ተጫዋቹ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል፣ ለሳቅና ለለስላሳ ውርርድ። በጨዋታ ቀን ግን ሪጎሬ የሚመጣው በ85ኛው ደቂቃ፣ እግር ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ ልምምዱም ከሩጫ በኋላ፣ ትንፋሽ ሳይመለስ፣ ጓደኛ እየተሳደበ መሆን አለበት። የመለያ ምትን ያጠኑት ኖርዌያዊው ምሁር ጌይር ዮርዴት ያገኙት አንድ ነገር አለ። ፊሽካ እንደተነፋ «ልገላገል» ብሎ የሚቸኩል መቺ፣ ትንሽ ቆም ብሎ ከሚመታው ይልቅ ይስታል። ይህንን ለማስተማር ዶላር አያስፈልግም።

የአየሩም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አሶሳ ደግሞ 1,500 ሜትር አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ሩቅ ትሄዳለች፣ ግን እምብዛም አትታጠፍም። ዝቅ ሲባል ይገለበጣል፤ ኳሷ ቶሎ ትወድቃለች፣ መታጠፏ ግን ይጨምራል። አዲስ አበባ የለመደ መቺ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ኮርና ሲያሻማ ከመጀመሪያው ተከላካይ የማያልፈው ሁልጊዜ ስለሰነፈ አይደለም። የአሶሳ ልጅ በገዛ ሜዳው ላይ የሚለማመዳት ኳስ ለመጠምዘዝ የተመቸች ናት። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ሲጨቀይና ቅብብል ሲከብድ ደግሞ የቆመ ኳስ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። እንግዳ ቡድን አሶሳ ሲመጣ የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ መሆን የለበትም፤ በሳጥኑ ጫፍ ላይ ፋውል መሥራትንም ይፍራ።

ኮርናን በተመለከተ ምሳሌ ፍለጋ እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የበርታ ሕዝብ ዙምባራ ሲነፋ ያየ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው አንድ ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው፣ በሰዓቱ ሲገባ ብቻ ነው። አንዱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ዜማው የለም። ኮርናም እንዲሁ ነው። አንዱ በረኛውን ይጋርዳል፣ አንዱ ወደ ቅርቡ ቋሚ ይሮጣል፣ አንዱ ከኋላ ለቴስታ ይመጣል። በየሜዳው የሚታየው ግን ስድስት ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ኳሷ ትምጣ ብሎ ሲጸልይ ነው። ከዚያ በመልሶ ማጥቃት ጎል ይቆጠርና ዳኛው ይሰደባል።

ሁለት ነጥብ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ፋሲል ከነማ በመጨረሻው ቀን ሽረ ላይ ከስሑል ሽረ ጋር አቻ ወጣ፣ ዋንጫውን መቀሌ 70 እንደርታ ወሰደ። ከላይ ያለው ዋንጫ ያጣል፤ በታች ሊግ ያለው ክለብ ግን ማደግን ያጣል፣ ሲያጣ በጀቱ ይቀነሳል፣ ሲቀነስ «ክለቡ ምን ይሠራል?» የሚል ስብሰባ ይጠራል። በታች ያሉ ክለቦች ፈርሰው የቀሩት እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው። ለአሶሳ፣ ለባምባሲ ወይም ለግልገል በለስ ልጅ ክለብ ከፈረሰ የሚታይበት ሌላ ሜዳ የለውም፤ አዲስ አበባ ሄዶ እንዳይሞክር መንገዱ ያው መንገድ ነው።

የክልሉ ክለቦች ለሚቀጥለው ውድድር የተጫዋቾቻቸውን ስም ሲያስመዘግቡ ከስሙ ጎን የሚሞላ ቦታ አለ፤ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ። ሪጎሬ መቺ፣ ተጠባባቂው፣ የተጠባባቂው ተጠባባቂ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም። አሠልጣኙ በራሱ ወረቀት ላይ ጽፎ መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። አምበሉ ቢቆጣም ይቆጣ።