ጨጓራን ካሳነሱ በኋላ ስለሚረግፍ ጠጉር

ጠጉር በመርገፉ ሰው አይሞትም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የጤና ሠራተኞች ይህን እውነት ያለ ስፍራው እየተናገርን በሽተኛን ማሰናበት ልማድ ስላደረግነው፣ ከዚሁ ልማድ የተነሣ የደረሰውን ጉዳት በዚህ ወር ጽሑፋችን ለአንባቢያን ልንገልጽ ወደናል።

ከከምባታ ከተሞች በአንደኛው የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ወደ እኛ መጥተው ነበር። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ሰው ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ዓረብ አገሮች እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ እኒህም እመቤት ባሕር ማዶ ያሉትን ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረታቸውን ለመቀነስ ጨጓራቸውን በኦፕራሲዮን አሳንሰው ተመልሰዋል። ስኳራቸውና የደም ግፊታቸው በጎ ሆኖላቸው ነበር። በአራተኛው ወር ግን ጠጉራቸው በማበጠሪያው እየሞላ ይወጣ ጀመር። እኛም «ያልፋል፤ ይበቅላል፤ አያስቡ» ብለን ሸኘናቸው። ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ያልነው ሐሰት አልነበረም። ዳሩ ግን ሴትዮዋ ከቤታቸው ሲደርሱ ጎረቤት «ከሱ፣ ጠጉራቸውም አለቀ፤ ክፉ በሽታ ይዟቸዋል» እያለ ይንሾካሾክ ነበር። አንድ ወዳጅ ደግሞ «ያረገፈው ያ የምትውጪው ቪታሚን ነው» ብሎ ስለመከራቸው ቪታሚኑን ተዉት። በፈንታውም ከሆሳዕና መናኸሪያ፣ ቆሎና ውሃ ከሚያዞሩት ልጆች መካከል፣ ስሙ እንኳ በወጉ ያልተጻፈበት «ጠጉር አብቃይ» ክኒንና ቅባት ገዙ። በኀዘንም ብዛት ምግብ አነሱ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው ሲመጡ እያስታወኩ፣ እግራቸውም ደንዝዞ በሰው ተደግፈው ነበር። የጎደላቸው ቪታሚን ቢ አንድ ነበረና በመርፌ ተሰጥቷቸው ዳኑ፤ እግራቸው እስኪጸና ግን ወራት ፈጀ። ያችን የሁለት ደቂቃ መልሳችንን እናስብና እናፍራለን። ባሕር ማዶ በተማርንበት ጊዜ፣ በሽተኛው ገና ኦፕራሲዮን ሳይደረግ «በሦስተኛው ወር ግድም ጠጉርህ ይረግፋል፤ እንዳትደነግጥ፤ መድኃኒትህንም እንዳትተው» ተብሎ ሲነገረው በዓይናችን አይተናል። አይተን መጥተን እዚህ ረሳነው።

አሁን የነገሩን ሥርዓት እናስረዳ። በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጉር አለ። እያንዳንዱ ሥር ለብቻው ለዓመታት ይሠራል፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ወር ያርፋል፤ ከዕረፍቱ በኋላ አሮጌው ጠጉር ወድቆ አዲሱ ይተካል። ከመቶው 85 ወይም 90 ያህሉ በሥራ ላይ ሲሆን የቀረው ያርፋል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር ቢወድቅበት ተፈጥሮ ነው። ሰውነት ብርቱ ድንጋጤ ሲያገኘው፣ ይኸውም ኦፕራሲዮን፣ ተስቦ፣ ብርቱ ወባ፣ ወሊድ ወይም ረሃብ ሲሆን፣ ብዙ ሥሮች በአንድ ጊዜ ሥራቸውን አቁመው ያርፋሉ፤ አብረው ያረፉትም አብረው ይወድቃሉ። አልበርት ክሊግማን የተባለ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ይህን አስረድቶ ስም ሰጥቶታል። መርገፉ የሚታየው ድንጋጤው በደረሰበት ሳምንት ሳይሆን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር በመሆኑ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ተጽፎ ዛሬ የደረሰ ደብዳቤን ይመስላል። ሰውም እውነተኛውን ምክንያት ረስቶ ትናንት የተጠቀመበትን ሳሙና፣ ዛሬ የዋጠውን ክኒን ወይም የሰው ዓይንን ይከሳል።

ሥሩ አልሞተምና ጠጉሩ ይመለሳል። መርገፉ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ያቆማል። አዲሱ ግን በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ ጠጉሯ ትከሻዋን ይነካ የነበረች ሴት የቀድሞውን ለማየት ከሁለት ዓመት በላይ መታገሥ አለባት። ይህንንም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል።

ውፍረትን ለመቀነስ ሆድን መሥራት አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን በአሜሪካ በአዮዋ የጨጓራን መንገድ ማሳጠር የጀመሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚዘወተረው ከጨጓራው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ቆርጦ ማውጣት ነው። የቀረው ጥቂት ብቻ ስለሚይዝ፣ ባለጸጋው በገዛ ፈቃዱ ለጥቂት ወራት እንደ ተራበ ሰው ይሆናል። ጠጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ሰውነትም ሲቸግረው ለልብና ለጡንቻ እያዳነ ከጠጉር ይቀንሳል። ይህን አገራችን በሌላ መንገድ ታውቀዋለች። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ ኋላም በ2000 ዓ.ም. ማሳው ለምልሞ ሳለ ሕፃናት በተጎዱበትና «አረንጓዴ ረሃብ» በተባለው ጊዜ፣ ጠጉራቸው ቀልቶና ሳስቶ በእጅ ሲነካ የሚነቀል ልጆችን ያየ ሰው በዚህ አካባቢ አይጠፋም። በዛሬዋ ጋና ያገለገሉት ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ክዋሾርኮር ብለው የጻፉት በሽታ ይኸው ነው። የሁለቱ ሰዎች ኪስ ይለያያል እንጂ ለጠጉር ሥር ጉድለቱ አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ሳሕኑ ላይ ነው። እኛ የእንሰት አገር ሰዎች ነን። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ነገር ግን በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከሁለት ግራም እምብዛም አያልፍም። ጨጓራው የተቀነሰ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሁለት እንቁላል 12፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ አንድ ኩባያ ሙሉ የተቀቀለ ምስር ወደ 18 ግራም ይሰጣሉ፤ ጥቂት ቀይ ሥጋ ሲጨመርበት ይሞላል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይገባምና በቀን በአምስትና በስድስት ጊዜ ይከፈል፤ ወተት ሆዱን የሚያውከው እርጎና አይብ ይሞክር። በሳሕኑም ላይ እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ምስሩ ይቅደም፤ ቆጮው ይከተል። አታካናን እኛም እንወደዋለን፤ ነገር ግን ቡላና ቅቤ የሞላው ትንሽ ጨጓራ ለእንቁላል ስፍራ የለውም። በያሆዴና በመሳላ በዓል እንግዳን «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» እያሉ ማስጨነቅም ለእንዲህ ያለው ሰው ፍቅር አይሆንለትም። ጾም የሚጾም ሰው በመጀመሪያው ዓመት ነገሩን ለሐኪሙም ለነፍስ አባቱም ቢያማክር መልካም ነው፤ ሽሮና ምስር ይረዳሉ፣ ብቻቸውን ግን ለትንሽ ጨጓራ ይከብዳሉ። ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላልና ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

ሐኪም ያዘዘው ቪታሚን፣ በተለይም ቢ አሥራ ሁለት፣ ብረትና ካልሲዩም፣ ጠጉሩ በቅሏል ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። የመናኸሪያው ክኒን ግን ሌላ ነገር ነው። ባዮቲን የሚጠቅመው ባዮቲን ለጎደለው ሰው ብቻ ነው፤ ቪታሚን ኤ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ጠጉር ያረግፋል። ቅባት ሥሩን አይቀሰቅስም። ሹሩባን አጥብቆ መጎንጎን ደካማውን ሥር ስለሚጎትት ለጊዜው ይቅር፤ ጠጉርን አሳጥሮ መቆረጥና ሻሽ ማሰር የሚያሳፍር አይደለም፣ የሳሳውንም ይሸፍናል።

የሚረግፍ ሁሉ ግን ይህ ነው አይባልም። መምህራን በተማሪ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠና ቅርፊት ያለው ስፍራ ቢያዩ ቆረቆር ሊሆን ይችላልና በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል። ከኦፕራሲዮን በኋላ መርገፉ ከስድስት ወር አልፎ የጀመረ፣ ወይም ዓመት ሞልቶት ያላቆመ ሰው የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ያስፈልገዋል። ማስታወክና የእግር መደንዘዝ የመጣበት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ነገ አይበል።

መምህርቷን ባለፈው መሳላ አገኘናቸው። በግንባራቸው ዙሪያ፣ ከሻሹ ሥር፣ ጣት የማይዘው አጭር ጠጉር ወጥቷል። «ለበዓሉ ቅቤ ልቀባው?» ብለው ጠየቁን፤ ይቀቡ አልናቸው። ስለ ቪታሚኑ ስንጠይቃቸው ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩን።